ታንኳው የት ያድራል?

ባለፈው መስከረም ስልቨር ስፕሪንግ ከምሠራበት ሕንፃ ጀርባ ያለችውን የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ኩሬ ጠረጓት። ጭቃው በማሽን እየተዛቀ ሲወጣ፣ የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታ በመስኮት ገባና ቢሮው በሙሉ አፍንጫውን ያዘ። አንዷ ባልደረባዬ መስኮቱን ልትዘጋ ስትነሳ ትንሽ ቆዪ አልኳት። ጤነኛ ናት ወይ ብላ ሳታስብ አልቀረችም። እኔ ያንን ሽታ የማውቀው ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ነው። ያኔ ረግረጉ የታመመ መስሎኝ ነበር። እናቴ ግን ጭቃ አየር ሲያጣ እንዲህ ይሸታል፣ ደህና ነው፣ ሥራውን እየሠራ ነው ትለኝ ነበር።

ያ ዓመት ትምህርት ቤት ያልሄድኩበት ዓመት ነው። አያቴ የሞቱትም፣ እኛ ሳናውቅ ከሰባት ወር በላይ ጥያቄ ስንጠይቃቸው የቆየነውም በዚያው ዓመት ነው።

የምንኖረው ላንድማርክ የሚባል ሰፈር ነበር፣ አሳንሰሩ ሲከፈት የየቤቱ ወጥ ሽታ ተቀላቅሎ ከሚቀበልህ ከእነዚያ ረጃጅም አፓርትመንቶች በአንዱ። እናቴ ይታይሽ አገር ቤት ሳለች ወረታ ከተማ ውስጥ ልጆች ታስተምር ነበር፤ እዚህ መጥታ የሆቴል ክፍል ታጸዳለች። እኔ ሦስተኛ ክፍል ስገባ በንባብ ከጓደኞቼ ወደኋላ ቀረሁ። በዚያው ሰሞን እሷ አረገዘች። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ጽንስ ወርዶባት ስለነበር ሐኪሟ ዕቃ ማንሳትም ሆነ መጨነቅ የለብሽም ብሎ ከሥራ አስቀራት። እሷም፣ ቤት ከዋልኩ አይቀር ልጄን ራሴ አስተምራታለሁ ብላ ተነሳች። አስፈላጊውን ወረቀት ሞልታ ላከችና ከትምህርት ቤት አስወጣችኝ። ስድስት ዓመት የሆነው ወንድሜ ናሆም፣ እህቱ ቤት ስትውል እሱ የሚሄድበት ምክንያት ስላልታየው ሦስት ቀን አልቅሶ እሱም ቀረ።

ከእኛ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብለው የሚኖሩት እትዬ ዘነበች ይህን ሲሰሙ ደረጃውን ወጥተው መጡ። እትዬ ዘነበች ወላጆቼ በሚጠጡት ማኅበርም በሕንፃውም የሁሉ ነገር ተቆጣጣሪ ነበሩ፤ የማን ልጅ ስንት ሰዓት እንደሚገባ ከወላጆቹ ቀድመው ያውቃሉ። “ሰው ልጁን ላስተምር ብሎ አሜሪካ ይመጣል፤ አንቺ አሜሪካ መጥተሽ ልጅሽን ከትምህርት ቤት ታስወጫለሽ?” አሏት። እናቴ ሻይ ቀዳችላቸው እንጂ አልመለሰችም። መልስ በማይሰጥ ሰው ላይ መቆጣት እንደማያዋጣ የተማርኩት ከሷ ነው።

ዘዴውን ያገኘችው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ሽበቷን የጎነጎነች አንዲት አሜሪካዊት፣ ልጆቿን ሁሉ ቤት ያስተማረች፣ ዩኒት ስተዲ ስለሚባለው ነገር አጫወተቻት። አንድ ጉዳይ ይመረጣል፤ ሒሳቡም፣ ንባቡም፣ ሳይንሱም፣ ሥዕሉም ከዚያው ይወጣል። ቀኑ ካልተመቸ ይለወጣል፤ ልጁ አንድ ነገር ላይ ከቆመ አብሮ ይቆማል እንጂ አይጎተትም። እናቴ ሌላ ጉዳይ ስትፈልግ አላየኋትም። ረግረግ ነው የምናጠናው አለች። ያደገችው ፎገራ፣ ጣና ዳር ነው። እዚሁ አሜሪካ እስክንድርያ ከምትባለው ከተማችን በስተደቡብ ደግሞ፣ ከቤታችን በመኪና ብዙ የማይርቅ፣ በላዩ የእንጨት መተላለፊያ የተሠራለት ሰፊ ረግረግ አለ።

አባቴ ግርማ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። እናቴ ስትተርበው፣ ከቧንቧ ውጭ ውሃ አያውቅም ትላለች። ረግረግ ሲባል እሱ የሚታየው ወባ ብቻ ነው። አሜሪካ ወባ የለም ብትለው፣ ቢምቢ ካለ ወባ አይታጣም ብሎ ድርቅ ይላል። ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ መኪናው ውስጥ ከእግር እስከ ራሳችን የቢምቢ መከላከያ እየረጨ እዚያ ያወርደን ነበር፤ በኅዳር ወር፣ ቢምቢ በሌለበት ብርድ።

ትምህርታችን መልክ አልነበረውም። አንድ ቀን መተላለፊያው ላይ ተንበርክከን ምልክት በተደረገበት ዱላ የውሃውን ጥልቀት እንለካለን፣ ያ ሒሳብ ነው። በየቦታው የተተከሉትን የማስታወቂያ ሰሌዳዎች ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ ያ ንባብ ነው፤ ስሳሳት የሚስቅብኝ ልጅ ስላልነበረ ሳላስበው ማንበብ ለመድኩ። የእናቴ እግር ያበጠ ቀን ደግሞ ረግረጉ ወደ ቤት ይመጣል። ከመኪና ማቆሚያው ዳር አፈር ቆፍረን አንድ ጫፉ ከፍ ባለ ትሪ ላይ እናነጥፈዋለን፤ ከታችኛው ጫፍ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ እንደረድራለን፤ ናሆም ከላይ ውሃ ያፈስሳል። ስፖንጁ ሲኖር ውሃው ቀስ ብሎ ጠርቶ ይወርዳል። ስፖንጁ ሲነሳ ጭቃው እንዳለ ምንጣፉ ላይ ይደፋል። ረግረግ ማለት ውሃን ቆይ የሚል መሬት ነው አለችን፣ ምንጣፉን እየጠረገች። ሙሴ በቄጠማ መካከል የተገኘበትን ምዕራፍም በዚያው ሳምንት አነበብን፤ ናሆም ልጁን ቢምቢ አልነከሰውም ወይ ብሎ ጠየቀ። የአባቱ ልጅ ነው።

ከሁሉ የምንወደው ግን የቅዳሜውን ትምህርት ነበር። ቅዳሜ ጠዋት እናቴ የስልክ ካርድ ፍቃ አያታችን ዘንድ ትደውላለች። አያታችን አቶ ፈንቴ ዕድሜ ልካቸውን ከጣና ጋር የኖሩ ሰው ናቸው፤ ዓሣ አጥምደዋል፣ ደንገል የሚባለውን ረጅም የውሃ ዳር ተክል አጭደው ታንኳ ሠርተዋል። ስልኩ አጎታችን ቤት ስለሆነ እሳቸው ቀጠሮ አክብረው አጠገቡ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። በሳምንቱ ያሰብነውን አንድ ጥያቄ እንጠይቃቸዋለን። እሳቸው ከመመለሳቸው በፊት እየጮኹ፣ “ያ ረግረጋችሁ ከብት ይገባበታል?” ይላሉ። አይገባም እንላለን። “ደንገሉን ማን ያጭደዋል?” ማንም አያጭደውም፣ ክልክል ነው። የሚታይ እንጂ የማይነካ ረግረግ መኖሩን ልናስረዳቸው ብንሞክርም አልሆነልንም። በየሳምንቱ እንደ አዲስ ይጠይቁናል፣ ምናልባት በመሃሉ ባለቤቱ ልብ ገዝቶ እንደሆነ።

መልሳቸው አጭር ነው። ጉማሬ ለምን ቀን ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል? ፀሐይ ስለሚያቃጥለው። ውሃው ለምን ይሸታል? ስለቆመ። ከዚያ በቃ ደህና ሁኑ ብለው፣ እናቴ ገና ልትናገር አፏን ስትከፍት ስልኩን ይዘጉታል። እኔ በልቤ ትንሽ ቅር ይለኝ ነበር። ያን ያህል ጠብቀን ሦስት ቃል! እናቴ ግን ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ጆሮዋ ላይ ይዛው ትቆያለች፤ መስመሩ መቋረጡን የምታረጋግጥ ይመስለኝ ነበር።

ጥር ላይ አያቴ ሞቱ። አጎቴ ሊያረዳ የደወለው ለአባቴ ነበር፣ ሥራ ቦታው። አባቴ ሒሳብ በሚቀበልበት በኤርፖርቱ መኪና ማቆሚያ፣ በአንዲት የመስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጦ ነው የሰማው። የዚያኑ ቀን ከእትዬ ዘነበችና ከንስሐ አባታችን ጋር መከረ። እርጉዝ ሴት መርዶ አይነገራትም፤ በዚያ ላይ ሁለት የወረደባት ናት። እስክትገላገል ድረስ ምንም እንዳትሰማ ተባለ። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ኋላ ነው። ያኔ የማውቀው፣ አባቴ ማታ መጥቶ የወረታው የቤት ስልክ ተበላሽቷል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ መደወል አይቻልም ማለቱን ነው። አጎታችሁ ግን በሥራ ቀን ከመሥሪያ ቤቱ ይደውልልኛል፣ አያታችሁ አባባም አብረውት ይመጣሉ፣ ጥያቄውን ስጡኝና እኔ መልሱን አመጣለሁ አለን።

እናቴ ተከፋች፤ ግን የአገር ቤት ስልክ መበላሸት ለማንም አዲስ ነገር አልነበረም።

ከዚያ በኋላ አያታችን ሌላ ሰው ሆኑ። ጨዋታ ዐዋቂ ሆኑ። እንቁራሪት ክረምቱን የት ትከርማለች ብለን ብንልክ፣ እንቁራሪትና ዔሊ በአንድ ጎጆ ስለመጣላታቸው ረጅም ተረት መጣልን። ዓሣ ይተኛል ወይ ብንል፣ ዓይኑን ሳይከድን ተኝቶ ስለተሰረቀ ዘበኛ ዓሣ ተነገረን። አባቴ ጃኬቱን ሳያወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ የሽማግሌ ድምፅ እያወጣ ነበር የሚነግረን። ናሆም ስልኩ ባይጠገን ይሻላል እስኪል ድረስ ወደድናቸው። እኔም በልቤ፣ እንግዲህ በደንብ ተዋወቅን ማለት ነው፣ ድሮ አፍረውን ይሆናል አልኩ። እናቴ ጀርባዋን በትራስ ደግፋ ታዳምጣለች። ትስቃለች ብዬ ዞር ስል አትስቅም።

እኔን ያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው። የማኅበሩ ሴቶች በሳምንት ሁለቴም ሦስቴም መምጣት ጀመሩ። የአጃ ሾርባ፣ የተቆላ ገብስ፣ ፍራፍሬ ይዘው ይመጣሉ። እናቴን ሲስሟት ይቆያሉ፤ ፊቷን አይተው ፊታቸውን ያዞራሉ። ከሁሉ የባሰው እትዬ ዘነበች መለስለሳቸው ነው። ስለ ትምህርታችን ምንም ማለት ተዉ፤ እንዲያውም አንድ ቀን እኔን አቅፈው፣ እናትሽን አታስቸግሪያት እሺ የኔ ልጅ አሉኝ። እትዬ ዘነበች የሚለሰልሱት ሰው ሲታመም ብቻ እንደሆነ ሕንፃው በሙሉ ያውቃል። እናቴ ልትሞት ነው ብዬ ደመደምኩ። መታጠቢያ ቤት ስትገባ በሩ ላይ እቆማለሁ፤ ምን ሆነሽ ነው የምትከተይኝ ስትለኝ ውሃ ጠማኝ እላለሁ። ለናሆም አልነገርኩትም። ታላቅ መሆን ማለት እንዲህ ያለውን ለብቻ መያዝ ነው ብዬ አስብ ነበር።

መጋቢት ሲገባ በረዶው ቀለጠና ስለ ታንኳ ማጥናት ጀመርን። እናቴ ከደንገል ታንኳ እንዴት እንደሚታሰር በወረቀት ሥላ አሳየችን። ናሆም፣ ታንኳው ማታ ማታ የት ነው የሚያድረው አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ለአባባ ላኩት አለች።

አባቴ መልሱን ያመጣው ሐሙስ ማታ ነበር፤ እናቴ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣ ድንች ትልጣለች። አባባ እንዲህ አሉ ብሎ ጀመረ። ታንኳውን ዳር ካለ ዛፍ ጋር በገመድ አጥብቀን እናስረዋለን፤ ውሃው ሌሊቱን ሙሉ እያወዛወዘ እንደ ሕፃን ሲያስተኛው ያድራል፤ ጠዋት ስንመጣ ከእንቅልፉ እንቀሰቅሰዋለን። ናሆም በጣም ደስ አለው።

የእናቴ ቢላዋ ቆመ። “አባባ እንዲህ አሉህ?”

“አዎ። እየሳቁ ነበር የነገሩኝ።”

ለረጅም ጊዜ አየችው። አባቴ ጃኬቱን ማውለቅ ያን ጊዜ ትዝ አለውና ተነስቶ ሄደ። እሷ ድንቹን አንስታ መላጧን ቀጠለች፤ ልጣጩ ወፍራም እየሆነ ከድንቹ ግማሹን ይዞ ይወርድ ነበር።

በማግሥቱ ዕረፍት ይሁን ብላ የነበረውን ቀን ለውጣ ረግረግ እንሂድ አለች። አባቴ አወረደንና ሄደ። ሌላ ጊዜ በየሰሌዳው እንቆማለን፤ ያን ቀን ሆዷን ደግፋ ሳትቆም እስከ መተላለፊያው መጨረሻ ሄደች። እዚያ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። ፊት ለፊቱ ያለፈው ዓመት ፊላ፣ የረግረጉ ረጅም ሣር፣ ደርቆ ቆሟል፣ ከሥሩ አዲሱ አረንጓዴ ብቅ ብሏል፤ እንቁራሪቶቹ እርስ በርስ እየተቀባበሉ ይጮኻሉ። ከካፖርቷ ሥር ነጠላ ለብሳ ነበር። አውጥታ እንደገና ለበሰችው፤ ጥለቱ ግን ወደ ላይ ሆኖ አንገቷ ላይ መጣ።

“እማ፣ ነጠላሽ ተገለበጠ” አልኳት።

“ይሁን። እዚህ የሚያየኝ የለም።”

ነጠላ ዘቅዝቆ መልበስ የሐዘን መሆኑን አላውቅም ነበር። ቸኩላ የተሳሳተች መሰለኝ። ናሆምን ከአንድ ጎኗ፣ እኔን ከሌላው አስቀመጠችና ስለ ታንኳ ነገረችን። ታንኳ ውሃ ውስጥ አያድርም አለች። ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ እርጥብ ሆኖ ካደረ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል፣ ሰው ይዞ ይሰምጣል። አባባ ሁልጊዜ ማታ፣ ምንም ቢደክማቸው፣ በትከሻቸው ተሸክመው ያወጡት ነበር። ዳር ላይ አቁመው ድንጋይ ያስደግፉታል፤ ውሃው በእግሩ በኩል ይወርዳል። ልጅ ሆነን እሱን ከሩቅ ስናይ ገብተዋል እንላለን፤ ታንኳው ከቆመ አባባ ቤት ናቸው። ይህን ማንም ልጅ ያውቀዋል አለች።

ታዲያ አባባ ለምን ውሃ ውስጥ ይታሰራል አሉ ብዬ ጠየቅኋት። አረጁ ይሆን፣ ረሱ ይሆን? መልስ ልትሰጠኝ ፊቷን ስታዞር እንባዋ እየወረደ ነበር። ምን ሆንሽ ብል ጀርባዬን ነው አለችኝ። እኔም እየሞተች ነው ብዬ እጇን ያዝኩ። ናሆም እንቁራሪት ለማየት ወረደና መተላለፊያው ላይ በሆዱ ተኛ። እንቁራሪቶቹ እንዲያ ሲጮኹ የሷን ለቅሶ የሚሰማ ሰው አልነበረም። ብዙ ተቀመጥን።

አባቷ መሞታቸውን ያወቀችው ድንች እየላጠች ሳለ ነው። ዛሬ ይህን አውቃለሁ። ታንኳ ውሃ ውስጥ ይደር የሚል ፈንቴ በዓለም ላይ የለም።

አባቴ ሊወስደን ሲመጣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ፊቷን ታጥባ ነበር። መኪናው ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን እንዳሰረች፣ “ሰኞ ሲደውሉልህ ደግሞ ወፎቹ ጎጇቸውን ከምን እንደሚሠሩ ጠይቅልኝ” አለችው። እሺ አላት። በሳምንቱ ስለ ወፎቹ አንድ ረጅም ተረት ይዞ መጣ። እስከ መጨረሻው ሰማችው፤ እንደጨረሰም ሌላ ጥያቄ ሰጠችው።

በግንቦት መጨረሻ እህታችን በደህና ተወለደች። እናቴ ባለመሞቷ ደስ ብሎኝ ለብዙ ቀን የተጠየቅሁትን ሁሉ እታዘዝ ነበር። ሴቶቹ አሁንም እያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ አራስ ስለሆነች ነው አልኩ። በእርግጥም አራስ ስለሆነች ነበር፣ መርዶውን ያቆዩት። ሕፃኗ ሰማንያ ቀኗ ደርሶ ክርስትና ተነሳች፤ ተበላ፣ ተዘፈነ። አባቴ ያን ቀን ሲዘፈን በረንዳ ወጥቶ ቆመ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። እትዬ ዘነበች ጥቁር ለብሰው ከፊት፣ ንስሐ አባታችን ከኋላቸው፣ ከዚያ ከስካይላይን የመጡ፣ ከግሪንቤልት የመጡ፣ ብዙ ሰዎች ሰላም ሳይሉ ተራ በተራ ገቡ። እናቴ ተነስታ ለብሳ ነበር። ሕፃኗን አጥብታ ስትጨርስ ለኔ ሰጠችኝና አንገቷን ይዘሽ አለችኝ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ንስሐ አባታችን አባትሽ ዐርፈዋል አሏት።

እናቴ ጮኸች። እንዲህ ያለ ድምፅ ከሷ ወጥቶ አያውቅም። ወለሉ ላይ ወረደች፤ አባቴ፣ አባቴ እያለች ደረቷን መታች። ሴቶቹ ተቀብለው ወለሉ ላይ በተነጠፈ ፍራሽ አስቀመጧት። ሕፃኗ እጄ ላይ ደነገጠች። ከታች የሚኖረው አሜሪካዊ ጎረቤታችን ሰው የተጎዳ መስሎት መጥቶ አንኳኳ፤ አንድ ሰው በሹክሹክታ አስረዳው፣ እሱም ባርኔጣውን አውልቆ በሩ ላይ ትንሽ ቆሞ ሄደ። ለቅሶው እንዲህ ሆኖ ረፋድ ላይ በረድ አለ።

ናሆም እስከዚያ ግድግዳ ተጠግቶ ቆሞ ነበር። ቤቱ ጸጥ ሲል፣ “ዌይት፣ አባባ ባለፈው ሳምንት እኮ ስለ ፊሽ ነግሮናል” አለ። እትዬ ዘነበች አባቴን አዩት። አባቴ ራሱን አቀረቀረ፣ ጆሮው ቀልቶ ነበር።

ናሆም እንደገና ጠየቀ። “ሶ፣ ከአሁን በኋላ ማን ነው አንሰር የሚያደርገን?”

እናቴ ከፍራሹ ላይ ቀና አለች። ድምፅዋ ደክሟል። “ና፣ የኔ ልጅ” ብላ አጠገቧ አስቀመጠችው። “እኔ እመልስልሃለሁ። ድሮም የማውቀውን ነበር የምጠይቀው። ድምፃቸውን ፈልጌ ነው።” ከዚያ ወደ አባቴ ዞረች። “አንተንም አልከለከልኩህም፣ ግርማ። እየነገርከኝ አባባ ትንሽ እንዲቆዩልኝ ነው።”

አባቴ ተነስቶ በሰው መካከል አልፎ ፍራሹ ላይ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ከጥር ጀምሮ ያፈነውንም ያን ቀን አለቀሰ።